የአንድ ሳምንት ድህነት ምን ያስተምራል?

በሚያዝያ 2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት አገረ ገዥ ቴድ ኩሎንጎስኪ ሴለም ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ሱቅ ገብተው የሳምንት አስቤዛቸውን ሸመቱ። የያዙት 21 ዶላር ብቻ ነበር። በጊዜው በግዛታቸው የምግብ ድጎማ የሚያገኝ አንድ ሰው በሳምንት በአማካይ የሚደርሰው ይኸው ስለነበር፣ አገረ ገዥው በዚያው ገንዘብ ሰባት ቀን ሊከርሙ ቆርጠዋል። ሒሳብ መክፈያው ጋ ሲደርሱ ድምሩ 21 ዶላር ከ97 ሳንቲም መጣ። ሁለት ሙዝና አንድ በሙቅ ውሃ የሚበላ ኑድል መለሱ። ድምሩ 20 ዶላር ከ97 ሳንቲም ሆነ፤ የተረፋቸው ሦስት ሳንቲም ነው።

ኩሎንጎስኪ ድህነትን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያደጉት ሚዙሪ ውስጥ በካቶሊክ የወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ነው። በግንቦት ደግሞ አራት የኮንግረስ አባላት ተከተሏቸው፤ ከማሳቹሴትስ ጂም ማክገቨርን፣ ከሚዙሪ ሪፐብሊካኗ ጆ አን ኤመርሰን፣ ከኦሃዮ ቲም ራያን፣ ከኢሊኖይ ጃን ሻኮውስኪ። ከዚያ ወዲህ ከንቲባው፣ ቄሱ፣ ረቢው፣ የኩባንያ ኃላፊው፣ የኮሌጅ ተማሪው ሁሉ በድጎማ ልክ በልቶ መክረምን እየሞከረ አለፈ። የዚህ ሁሉ ሙከራ ፍሬ ምንድን ነው? የሚያስተምረው ማንን ነው? የተራበውንስ የሚጠቅመው በምን በኩል ነው?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በስንት ብር በልቶ ያድራል ብሎ የሚወስን አካል ሁሌም አለ። በ1899 እንግሊዛዊው የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሲቦም ራውንትሪ የዮርክ ከተማን ሠራተኞች ቤት ለቤት አስጠንቶ፣ ሦስት ልጆች ላሏቸው ባልና ሚስት በሳምንት 21 ሺልንግ ከ8 ፔንስ የመጨረሻው ወለል ነው ሲል አሰላ። በስሌቱ ውስጥ ትኩስ ሥጋ አልነበረም። ጋዜጣ፣ የደብዳቤ ቴምብርና ትንባሆም አልነበሩም። ራውንትሪ ይህን ያደረገው ሰው በዚህ ይኑር ለማለት ሳይሆን፣ በዚህ የተቆነጠረ ልክ ተለክቶ እንኳ ከከተማው ሕዝብ አሥር በመቶ ገደማ የሚሆነው ደሃ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሜሪካም ውስጥ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበሩት ሞሊ ኦርሻንስኪ የግብርና ሚኒስቴርን እጅግ ርካሹን የምግብ ዕቅድ ወስደው በሦስት አበዙት፤ ያኔ አንድ ቤተሰብ ከገቢው አንድ ሦስተኛውን ለምግብ ያወጣ ነበርና። የአገሪቱ የድህነት መስመር የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። ዕቅዱ ለአጭር ጊዜ ችግር መወጫ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። በ1975 በሌላ የቁጠባ ዕቅድ ተተካ፤ ዛሬም የድጎማው ጣሪያ የሚሰላው በዚያው ላይ ተመሥርቶ ነው።

ድጎማው ራሱ ረጅም መንገድ መጥቷል። በ1939 ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ውስጥ በብርቱካንማና በሰማያዊ ቴምብር ተጀምሮ በጦርነቱ መሐል በ1943 ቆመ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ሲያስነሡት የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች የዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች ነበሩ። በ1964 በሕግ ጸና። በ1977 ደግሞ ትልቅ ለውጥ መጣ፤ እስከዚያ ድረስ ደሃው ኩፖኑን ለመውሰድ መጀመሪያ የራሱን ጥሬ ገንዘብ መክፈል ነበረበት፣ እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰው ከደጅ ይመለስ ነበር። ያ ቀረ። በ2008 ስሙ ስናፕ ተባለ፤ ሐበሻው ግን ዛሬም ፉድ ስታምፕ ነው የሚለው። በ2024 የበጀት ዓመት በየወሩ 41.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ይጠቀምበት ነበር። በነፍስ ወከፍ የደረሰው በአማካይ 187 ዶላር ነው፤ ለቀን ሲካፈል ከስድስት ዶላር ብዙም አይዘልም።

በደሃ ኑሮ ኖሮ ማየት ከአሜሪካ ውጭም፣ ከፉድ ስታምፕ በፊትም የነበረ ነገር ነው። በ1902 ደራሲው ጃክ ለንደን አሮጌ ልብስ ገዝቶ ለብሶ ወደ ምሥራቅ ለንደን ሰፈሮች ገባ። ከድሆች ጋር ተሰለፈ፣ ያዩትን አየ፣ በዓመቱም መጽሐፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ ከሸሚዙ ውስጥ ብብቱ ሥር አንዲት የወርቅ ሳንቲም ሰፍቶ ነበር የገባው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ መውጫ እንድትሆነው። ይህንንም አልደበቀም፣ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። ከእሱ ወዲህ ይህን ሙከራ ያደረጉ ሁሉ፣ በጎ ሐሳብ ቢኖራቸውም፣ ያቺ የወርቅ ሳንቲም አልተለየቻቸውም። የባንክ ደብተሩ አለ፣ መኪናው አለ፣ ስምንተኛው ቀን አለ።

ያም ሆኖ ሳምንቱ ምንም አያስተምርም ማለት ስሕተት ነው። የእንግሊዙ የማቲው ፓሪስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ፓሪስ በ1984 የታቸር ፓርቲ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ የመንግሥታቸውን የድጎማ ፖሊሲ ይደግፋሉ። የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች አንድ ያላገባ ሥራ አጥ በሚያገኘው 26 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ኒውካስል ከተማ ስኮትስዉድ ሰፈር አንድ ሳምንት እንዲኖሩ ጋበዟቸው፣ እሺ አሉ። ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራው የመብራት ቆጣሪ የሚበላውን በቅጡ አላሰቡትም ነበርና ሳምንቱ ሳይሞላ ለቆጣሪው የሚጨምሩት አጡ። መላው አገር በቴሌቪዥን አየ። በምክር ቤት ወንበር ተቀምጦ በቂ ነው የተባለው ገንዘብ፣ በዚያ ቤት ውስጥ መብራት ማብራት ሳይችል ቀረ።

የአሜሪካዋ ኒዋርክ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ኮሪ ቡከርም በታኅሣሥ 2012 በ30 ዶላር ገደማ ሳምንቱን ሲይዙ ነገሩ የተጀመረው ትዊተር ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ባደረጉት ክርክር ነበር። የቆርቆሮ ባቄላና ስኳር ድንች ገዙ፤ ቡና ግን ከበጀቱ አልገባ አለ። ወዲያው ራስ ምታት ያዛቸው። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ምን እንደሚሆን ለአማርኛ አንባቢ መተንተን አያስፈልግም። ቲም ራያን ደግሞ የሳምንት ስንቃቸው የነበረውን የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠባቂዎች ወሰዱባቸው። ለአንድ የኮንግረስ አባል በሌላ ጊዜ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። ሌላ መግዣ ለሌለው ሰው ግን የቀሩት ቀናት ምሳ ሄደ ማለት ነው። እጅ ሲያጥር ትንሽ ስሕተት የሚባል ነገር እንደሌለ ያ የኦቾሎኒ ቅቤ አሳይቷል።

ሳምንቱ የሚያስተምረው እንግዲህ ሒሳቡን ነው። የሱቁን መደርደሪያ በዋጋ ብቻ ማንበብን፣ ፍራፍሬው ከቅርጫቱ መጀመሪያ የሚወጣ ነገር መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብን ያስተምራል።

የማያስተምረው ይበልጣል። ድጎማው ተጠቃሚው በሚገበያይበት ካርድ ላይ የሚገባው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ችግሩም የሚከፋው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ጄሲ ሻፒሮ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠቃሚዎቹ የሚመገቡት ካሎሪ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚወርድ አሳይተዋል። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የካሊፎርኒያን ሆስፒታሎች መዝገብ መረመረ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሰፈሮች በደም ስኳር ማነስ ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡት ሰዎች ቁጥር በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ ይበልጥ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ የሚበላው ሲያጣ ማለት ነው። ሻል ያለ ገቢ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይህ ልዩነት አልታየም። ይህን የመጨረሻ ሳምንት የትኛውም የሰባት ቀን ሙከራ አይደርስበትም፤ ሁሉም ጠግቦ ነው የሚጀምረው።

ዕዳውም አይታይም። ያለፈው ወር የቤት ኪራይ፣ ከጎረቤት የተበደሩት፣ ለጥርስ ሕክምና የተሸጠው ዕቃ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ርካሽ ሱቅ መድረስ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ ባቄላ መቀቀል። ሕጉ ራሱ የሚጥለው ገደብም አለ። በካርዱ ሳሙና፣ የሕፃን ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ አይገዛም። በሙቁ የቀረበ የበሰለ ምግብም በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ስለዚህ ምድጃ የሌለው ሰው የተጠበሰውን ዶሮ መስታወት ውስጥ እያየው ያልፋል።

አንዳንዴ ሙከራው ጭራሽ ተቃራኒ ትምህርት ይሰጣል። በ2011 በዳራም፣ ኖርዝ ካሮላይና የሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከማስታወቂያ ኩባንያ ጋር ሆኖ ስፔንት የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ ሥራ አጥቶ በትንሽ ገንዘብ ወሩን ለመጨረስ ይሞክራል። ጂና ሩሶስና ጆን ዶቪዲዮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ጨዋታው ተጫዋቹ ለድሆች ያለውን አመለካከት ይለውጥ እንደሆነ ፈተሹ። በአጠቃላይ አልለወጠም። ሰው በጥረቱ ልክ ያገኛል ብለው አጥብቀው የሚያምኑት እንዲያውም አመለካከታቸው ባሰበት። ምክንያቱ ጨዋታው ምርጫውን በተጫዋቹ እጅ ማድረጉ ነው፤ በጥንቃቄ መርጦ ወሩን የጨረሰ ሰው፣ እኔ ከቻልኩ እነሱስ ለምን አይችሉም ይላል። የሳምንቱን በጀት በድል የጨረሰና በአስተዳደሬ ጉብዝና ነው ብሎ የሚወጣ ሰውም ከዚህ አደጋ አያመልጥም።

በሚያዝያ 2015 ተዋናይቷ ግዊኔት ፓልትሮ በ29 ዶላር የገዛችውን ፎቶ አንሥታ ስታወጣ ነገሩ ሁሉ ወደ ሌላ ዞረ። ከሩዙ፣ ከጥቁር ባቄላውና ከእንቁላሉ ጎን ሰባት ሎሚ ነበር። አራት ቀን ገደማ ቆይታ እንዳልቻለች ራሷ ተናገረች። ሰው ሁሉ ግን ያወራው ስለ ሎሚው ነው። በዚያው ሰሞን ካርዳቸው ባዶ ሆኖ ወር እስኪጠባ የሚጠብቁት እናቶች ከወሬው ውስጥ አልነበሩም። ታዋቂ ሰው ሲገባበት ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ የሙከራው ትልቁ ድካም ይህ ነው።

ከቀኝ ዘመሞች በኩል የሚነሣው ትችትም ሊደመጥ ይገባዋል። ድጎማው ማሟያ ነው፣ ብቸኛ የምግብ ገንዘብ እንዲሆን አልታሰበም ይላሉ። በሕጉ በኩል እውነት ነው። ስሌቱ አንድ ቤተሰብ ከተጣራ ገቢው 30 በመቶውን ለምግብ ያወጣል ብሎ ይነሣና ጉድለቱን ይሞላል፤ ምንም ገቢ የሌለው ሙሉውን ያገኛል። ስለዚህ በአማካዩ ልክ ብቻ የሚኖር ሞካሪ ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች ይልቅ ራሱን ያጠብቃል። በኑሮ በኩል ግን ያ 30 በመቶ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው፤ አከራዩ ቀድሞ ወስዶታል። የግብርና ሚኒስቴር ራሱ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠቃሚዎቹ 88 በመቶው ጤናማ ምግብ ለመመገብ እንቅፋት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ቀዳሚው እንቅፋት ዋጋ ነው። በዚያው ዓመት የቁጠባ ዕቅዱ እንደገና ተሰልቶ ድጎማው በ21 በመቶ፣ በነፍስ ወከፍ በወር ወደ 36 ዶላር ከፍ አለ። ተቺዎቹ በዛ አሉ፤ ድጎማው ለዓመታት ከገበያው ኋላ መቅረቱን ለሚያውቅ ግን የዘገየ ነበር።

ሕንድ ውስጥ በ2011 የተደረገው ሙከራ ከብዙዎቹ ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ ይጠጋል። የአገሪቱ የዕቅድ ኮሚሽን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ በከተማ በቀን 32 ሩፒ፣ በገጠር 26 ሩፒ የሚያወጣ ሰው ደሃ አይደለም ሲል፣ አሜሪካ ተምረው የተመለሱ ሁለት ወጣቶች መጀመሪያ ባንጋሎር ውስጥ በቀን 100 ሩፒ ኖሩ፤ ቀጥሎም ኬረላ ገጠር ወርደው መንግሥት ባስቀመጠው መስመር ሞከሩት። ሩዝ፣ ሥራ ሥር፣ ሙዝና ወተት የሌለበት ሻይ ነበር የሚደርሳቸው። ረጅም መንገድ በእግር ሄዱ፣ የልብስ ሳሙና እንኳ ቆጠቡ፣ ስልክና ኢንተርኔት ቀረባቸው። የእነሱን ሙከራ የሚለየው የተፈተነው ማንነታቸው ሳይሆን የመንግሥት ቁጥር መሆኑ ነው። ጥያቄው በዚህ ገንዘብ ሰው ይኖራል ያለው ማን ነው የሚል ነበር። በ2013 እንግሊዛዊው ሚኒስትር ኢየን ደንከን ስሚዝ በሳምንት 53 ፓውንድ መኖር እችላለሁ ባሉ ጊዜ ከ400,000 በላይ ሰው እንግዲያው ኑሩበት ብሎ የፈረመውም ለዚሁ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የአንድ ሳምንት ሙከራ ትርጉም ያጣል። ሴፍቲኔት የሚባለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ2005 ጀምሮ በምግብ እጦት የሚታወቁ ወረዳዎችን ነዋሪዎች ይደግፋል። ሥራ የሚችል የቤተሰቡ አባል በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም በወር አምስት ቀን እርከን ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠርግ፣ ኩሬ ሲቆፍር ይውላል። ክፍያው በእህል በሚሆንበት ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ እህልና አንድ እፍኝ ባቄላ ወይም አተር ማለት ነው። የወፍጮ ቤት፣ የጨው፣ የበርበሬ፣ የማገዶ፣ የልጆች ደብተር ከየት ይምጣ? ከዚያው እህል ተቀንሶ ይሸጣል። ድጋፉ ለአብዛኛው በዓመት ስድስት ወር ነው፤ ያልተመዘገበ ጎረቤትም ከደጅ ቆሞ አይመለስም፣ ለአንድ ቤት የመጣው ለሁለት ይቆነጠራል። ራሽኑን የሚመድብ ባለሥልጣንና ባለሙያ በዚህ ልክ አንድ ወር ቢኖር፣ እህሉን አስፈጭቶ ጨዉን ከዚያው ገዝቶ ቢሞክረው፣ ያ በእውነት ዋጋ ያለው ሙከራ ይሆን ነበር። ቁጥሩን የመለወጥ ሥልጣን አለውና።

ፍሬ ያፈሩት ሙከራዎች ይህን የመሰሉት ናቸው። ማክገቨርንና ኤመርሰን የ2007ቱን ሳምንት ከመጨረሳቸው በፊት ድጎማውን የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ይዘው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የግብርና ሕግ ከ1996 ጀምሮ የቆመውን መደበኛ የገቢ ቅናሽ ከፍ አድርጎ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አስተሳሰረው። ማክገቨርን ከዚያ በኋላም አልተዉትም። ከኒክሰን ዘመን ከ1969 ወዲህ ያልተጠራው የዋይት ሐውስ የረሃብ ጉባኤ በመስከረም 2022 ሲካሄድ ከጎትጓቾቹ ግንባር ቀደሙ እሳቸው ነበሩ።

ሌላው መንገድ ካሜራውን ለባለጉዳዮቹ መስጠት ነው። በ2008 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲዋ ማሪያና ቺልተን ፊላደልፊያ ውስጥ ለእናቶች ካሜራ አደሉና ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያነሡ አደረጉ። የረሃብ ምስክሮች የተባለው ይህ ሥራ ባዶ ማቀዝቀዣውን፣ የልጁን ሳህን፣ የተበላሸውን ቤት እስከ ኮንግረስ አዳራሽ አደረሰ። እነዚህ ሴቶች ስለ ድጎማው ለመናገር የሳምንት ልምምድ አላስፈለጋቸውም።

ድጎማው ምን እንደሚሠራ ከየትኛውም የአንድ ሳምንት ምስክርነት በላይ የሚናገረው የሂላሪ ሆይንስ፣ የዳያን ሻንዘንባክና የዳግላስ አልመንድ ጥናት ነው። ፉድ ስታምፕ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በየካውንቲው የገባው በተለያየ ጊዜ ስለነበር፣ በልጅነታቸው የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። በ2016 እንዳሳተሙት የደረሳቸው ልጆች ሲያድጉ ከውፍረት፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ጋር የተያያዘው የጤና ችግር ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ፤ ሴቶቹ ደግሞ ራሳቸውን የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሏል።

በ2025 ግን ነገሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። በሐምሌ የጸደቀው ሕግ ድጎማውን ለማግኘት የሚጠየቀውን የሥራ ግዴታ እስከ 64 ዓመት ዕድሜ አራዘመ፤ ስደተኞችንና ጥገኝነት የተፈቀደላቸውን ደግሞ ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ከድጎማው አስወጣ። ይህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በዚሁ መንገድ የገቡ ብዙ ቤተሰቦችን በቀጥታ ይነካል። በኅዳር ደግሞ በመንግሥት መዘጋት ምክንያት የወሩ ድጎማ ተቋርጦ ሚሊዮኖች ካርዳቸውን ባዶ አገኙት። ያን ሳምንት የመረጠው ማንም አልነበረም።

አሜሪካ የምትኖሩና ነገሩ የሚያሳስባችሁ አንባቢዎች፣ ጾም ከመያዝ ይልቅ የሚጠቅም ሥራ አለ። ወላጆች ብቁ ባይሆኑም አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው የቤተሰቡ ገቢ ከፈቀደ ሊያገኙ ይችላሉ። ማመልከቻ በ30 ቀን፣ እጅግ የተቸገረ ሰው ከሆነ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አስተርጓሚ በነፃ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን የማያውቅ፣ ወይም አውቆ ፎርሙን የፈራ ሰው በሰፈራችሁ ወይም በቤተ ክርስቲያናችሁና በመስጊዳችሁ ይኖራልና፣ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ሙሉለት።